በሳፋ የሚፈተን ካናቴራ፦ የመሃል አዲስ አበባ ትንንሽ የልብስ ብራንዶች

በመሃል አዲስ አበባ ሥዕል ወይም ጽሑፍ የታተመበት ካናቴራና ሁዲ የብዙ ወጣት የዕለት ተዕለት ልብስ ነው። ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ፣ ከሜክሲኮ ወደ ቦሌ በእግሩ የሄደ ሰው በየመንገዱ ያየዋል። አብዛኛው ከውጭ የመጣ አለበለዚያም ሰልባጅ ነው። እዚሁ የተሣለና እዚሁ የታተመ ልብስ ግን ከቀን ወደ ቀን እየበዛ ነው። የሚሠሩት ትልልቅ ፋብሪካዎች አይደሉም። አንድ ዲዛይነር ብቻውን፣ ወይም ሁለት ሦስት ጓደኛሞች ገንዘብ አዋጥተው የጀመሯቸው ትንንሽ ብራንዶች ናቸው። የራሳቸው ሱቅ ያላቸው ጥቂቶች ናቸው። ሌሎቹ ዕቃቸውን በቴሌግራምና በኢንስታግራም ያሳያሉ፣ ቀብድ በቴሌብር ይቀበላሉ፣ ልብሱን በሞተረኛ ይልካሉ። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ መጀመሩ ለእነዚህ ልጆች ትልቅ እፎይታ ነበር። ሱቅ ሳይከራዩ መሸጥ ቀለላቸው።

ስለነዚህ ልብሶች ሲወራ ብዙውን ጊዜ የሚወራው ስለ ሥዕሉ ነው። ሥዕሉ ደስ ይላል፣ ሐሳቡ አሪፍ ነው ይባላል። ወሬው እዚያ ላይ ያበቃል። እኔ ግን እላለሁ፦ ካናቴራ በመጀመሪያ ልብስ ነው። ጥሩነቱን የሚናገረው ፎቶው ሳይሆን ሳፋው ነው። አምስት ስድስት ጊዜ ታጥቦ አንገቱ ያልተንዘረፈፈ፣ ሕትመቱ ያልተሰነጠቀ፣ ቁመቱ ያላጠረ ልብስ የሠራ ብራንድ ሊመሰገን ይገባዋል። እንዲህ ያሉ ብራንዶች አሉ። ምስጋናው ግን በትክክል ለእነሱ እየደረሰ አይደለም።

መነሻው

የታተመ ካናቴራ ለከተማው አዲስ አይደለም። በቸርችል ጎዳና ዳር የነበሩትና ያሉት የስጦታ ዕቃ ሱቆች ለቱሪስት ብለው ድንቅነሽን፣ የላሊበላን ቤተ ጊዮርጊስ፣ የአክሱምን ሐውልት ያተሙ ካናቴራዎች ሲሸጡ ኖረዋል። ‹‹የ13 ወር ጸጋ›› የሚለው መፈክርም በእነዚያ ልብሶች ላይ ብዙ ዞሯል። መፈክሩን ያመጡት የአገሪቱን የቱሪዝም ሥራ ያስጀመሩት ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ ናቸው። ያ ሁሉ ግን ለእንግዳ የተሠራ ነበር። የከተማው ልጅ ራሱ ገዝቶ አይለብሰውም።

የከተማው ልጅ የለመደው የጋራ ልብስ ነው። ለጥምቀት የሰፈር ልጆች አንድ ዓይነት አሳትመው ታቦት ያጅባሉ። ተመራቂዎች የክፍል ጓደኞቻቸውን ስም ከጀርባ ያሳትማሉ። ወጣት ሲሞት ጓደኞቹ ፎቶውን ደረታቸው ላይ አድርገው ይቀብሩታል። ከሁሉ የሰፋው የታላቁ ሩጫ ካናቴራ ነው። ውድድሩ በ1994 ዓ.ም. በ10,000 ተሳታፊ ተጀመረ፤ ኋላ ከ40,000 በላይ ደረሰ። ካናቴራው ከምዝገባው ጋር ስለሚሰጥ በከተማው ውስጥ የሌለበት ቤት ማግኘት ያስቸግራል። የዓድዋ በዓልም የራሱ ገበያ አለው። የካቲት 23 ጠዋት ምኒልክ አደባባይ የሚወጣው ሕዝብ አጼ ምኒልክንና እቴጌ ጣይቱን ደረቱ ላይ ይዞ ነው የሚወጣው። ብዙ ትንንሽ ብራንዶች የመጀመሪያ ዲዛይናቸውን ያወጡት ለዚህ ቀን ብለው ነው።

ከውጭ የመጣውም ተጽዕኖ ቀላል አይደለም። ቦብ ማርሊ ያለበት ካናቴራ ከድሮም ይለበስ ነበር። በ1997 ዓ.ም. የልደቱ 60ኛ ዓመት መስቀል አደባባይ ላይ በኮንሰርት ሲከበር ደግሞ ከተማውን ሞላው። የራፕ ዘፋኞችና የእግር ኳስ ክለቦችም ቦታቸውን ያዙ። አሁን ያለው ትውልድ ሁለቱንም ወርሷል፤ የሰፈሩን የጋራ ልብስም፣ ከውጭ የመጣውን ሰፋ ያለ ‹‹ኦቨርሳይዝ›› አለባበስም።

ጨርቁ

ትንሽ ብራንድ ጨርቅ አያመርትም። ብዙዎቹ ያልታተመ ካናቴራ ከመርካቶ በደርዘን ይገዛሉ። ከዚያ አሳትመው፣ የአንገቱን መለያ ቀይረው ይሸጣሉ። ሻል ያሉት ጨርቅ በጥቅል ገዝተው በራሳቸው ፓተርን (የልብስ መቁረጫ ንድፍ) ቆርጠው ያሰፋሉ። ልዩነቱ ሲለበስ ወዲያው ይታወቃል። ከደርዘን የመጣው ካናቴራ ትከሻው ለማን እንደተለካ አይታወቅም። ራሱ ያሰፋ ብራንድ ግን የልጆቻችንን ቁመና አይቶ ነው የቆረጠው።

እዚህ ላይ የሚያስቆጭ ነገር አለ። በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክና አዲስ አበባ ጠርዝ ላይ ያለው ቦሌ ለሚ ዋና ሥራቸው ለውጭ ገበያ ልብስ መስፋት ነው። አገሪቱ ከአጎዋ፣ ማለትም የአፍሪካ አገሮች ያለ ቀረጥ ለአሜሪካ ከሚሸጡበት ዕድል፣ የታገደችው በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ከፊሉ ምርት ያለ ቀረጥ አሜሪካ ይገባ ነበር። አገራችን ካናቴራ መስፋት ታውቃለች ማለት ነው። የመሃል ከተማው ዲዛይነር ግን ባዶ ካናቴራ ፍለጋ ከውጭ የገባውን ያገላብጣል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ካናቴራውም፣ ቀለሙም፣ የሕትመት ፊልሙም ተወደደ። ዋጋ ጨመሩ ተብለው የሚወቀሱ ብራንዶች ይህ ሊታሰብላቸው ይገባል።

የጨርቅ ውፍረት የሚለካው በካሬ ሜትር ግራም ነው። 150 አካባቢ ያለው ስስ ነው፤ ነጭ ከሆነ ገላ ያሳያል። ከ180 እስከ 220 ያለው ደህና ቅርጽ ይይዛል። ለሁዲ ከ280 በላይ ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ያለች ከተማ ናት። ጠዋትና ማታ ይበርዳል፤ ስለዚህ ሁዲ ዓመቱን ሙሉ ይለበሳል። ግን በጣም የወፈረ ሁዲ በሐምሌ ታጥቦ ቶሎ አይደርቅም። ሁለት ሦስት ቀን በረንዳ ላይ ተሰቅሎ ይከርምና መሽተት ይጀምራል። ውስጡ ጸጉራም ከሆነው ይልቅ ውስጡ ትንንሽ ቀለበት ያለው ጨርቅ ለክረምታችን ይሻላል።

ሻጭ ‹‹መቶ ፐርሰንት ጥጥ›› ቢል ማረጋገጥ ቀላል ነው። ከውስጥ ስፌት አንድ ክር መዝዞ በክብሪት መለኮስ ነው። ጥጥ እንደ ወረቀት ይነድና አመድ ይሆናል። ፖሊስተር ይቀልጥና ጫፉ ላይ ጠንካራ ዶቃ ይሠራል።

ሕትመቱ

የአንድ ካናቴራ ዕድሜ በአብዛኛው የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው። ከተማው ውስጥ ሁለት መንገድ ጎልቶ ይታያል።

አንደኛው ስክሪን ነው። ፍሬም ላይ መረብ ይወጠራል። መረቡ ብርሃን ሲነካው የሚደርቅ ኬሚካል ይቀባል። ዲዛይኑ በጥቁር የታተመበት ፊልም ይደረብና ብርሃን ይመታዋል። ጥቁሩ የከለለው ቦታ ስላልደረቀ በውኃ ታጥቦ ይከፈታል። ከዚያ ቀለሙ በጎማ መጥረጊያ ተገፍቶ በተከፈተው በኩል ጨርቁ ላይ ያርፋል። ለእያንዳንዱ ቀለም አንድ ፍሬም ያስፈልጋል። ባለ አራት ቀለም ሥዕል አራት ፍሬም ይፈልጋል፤ ጥቁር ጨርቅ ከሆነ ደግሞ ከሥር ነጭ መደብ ይጨመራል። ስለዚህ አሳታሚ አንድ ሁለት ፍሬ ልሥራ አይልም፣ አያዋጣውም። በደንብ የተሠራ ስክሪን ግን ልብሱ እስኪያልቅ ይቆያል።

የስክሪን ትልቁ ችግር ሙቀት ነው። የተለመደው ፕላስቲክነት ያለው ቀለም በደንብ እንዲበስል 160 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይፈልጋል። ከዚያ ባነሰ ሙቀት ላዩ ደርቆ ውስጡ ጥሬ ይቀራል። ሲገዙት ምንም አይልም። ሦስተኛው እጥበት ላይ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ይጀምራል፣ ቀስ በቀስ ይቆራረሳል። ለዚህ ነው ገና ሱቅ ውስጥ ሕትመቱን በሁለት አውራ ጣት ወጠር ማድረግ የሚጠቅመው። የበሰለ ቀለም አብሮ ይሳብና ይመለሳል። ያልበሰለው ይተረተራል።

ሁለተኛው መንገድ ዲቲኤፍ ነው። በአጭር ጊዜ ከተማውን አዳርሷል። ዲዛይኑ በፕላስቲክ ፊልም ላይ ይታተማል፣ ጀርባው ላይ የሙጫ ዱቄት ይነሰነሳል፣ ከዚያ በሙቀት መጫኛ ማሽን ልብሱ ላይ ይለጠፋል። አንድ ልብስ ብቻ ቢሆንም ይሠራል፤ የቀለም ብዛት አያስጨንቀውም። ገና ለሚጀምር ልጅ በር ከፍቷል፣ ይህን መካድ አይቻልም። ችግሩ ሰፊ ሥዕል ላይ ነው። ደረት ሙሉ የተለጠፈ ነገር አየር አያስገባም፤ ከስታዲየም ወደ ካዛንቺስ ፀሐይ ላይ የተራመደ ሰው ላቡን ያውቀዋል። ጠርዙም ይነሳል። በጥፍር ጠርዙን ጫር አድርጎ ማየት በቂ ነው። ጥሩ ዲዛይነር ሥዕሉን ከፋፍሎ፣ በመሃሉ ጨርቁ እንዲታይ አድርጎ ይሠራዋል። ያኔ ልብሱ ይታጠፋል፣ ይተነፍሳል።

ሰብሊሜሽን፣ ማለትም ቀለሙ በሙቀት ተንኖ ክሩ ውስጥ የሚገባበት ሕትመት፣ ለፖሊስተርና ለነጣ ያለ ጨርቅ ብቻ ስለሚሆን የማሊያ ሥራ ነው። ጥልፍ ደግሞ ሁዲ ላይ ያምራል፣ ስስ ካናቴራ ላይ ግን ዙሪያውን ያጨማድደዋል።

ፊደሉ

ትንንሾቹን ብራንዶች ከሰልባጅ የሚለያቸው ፊደል ነው። በጣም የምወደውም፣ በጣም የምናደድበትም ነገር ይኸው ነው። ብዙ ልብስ ላይ የሚታየው ከኮምፒውተር ጋር የመጣው ኒያላ ፎንት ነው። ቃሉ ይጻፋል፣ ቦታውን እንዲሞላ ወደ ጎን ይለጠጣል፣ ይታተማል። ሲለጠጥ ቋሚው እግር ይወፍራል፤ አግዳሚው ግን እንደነበረ ይቀራል። የ‹‹ሙ›› እና የ‹‹ሩ›› ቅጥያ ከርቀት ይጠፋል። ደረት ላይ ያለ ጽሑፍ ከመንገድ ማዶ መነበብ አለበት።

በእጅ የተሣለ ፊደል ግን ሌላ ነገር ነው። የብራና ጸሐፊዎች የቅዱሳንን ስምና የምዕራፍ መጀመሪያ በቀይ ይጽፉ ነበር። ይህን ይዘው ነጭ ሁዲ ላይ የመጀመሪያውን መስመር ብቻ ቀይ ያደረጉ ልጆች አሉ፤ ሁለት ቀለም ብቻ ነው፣ ሁለት ፍሬም። ሌሎች የታክሲ ረዳት ጥሪን ወይም የድሮ የሱቅ ማስታወቂያ ሠዓሊዎችን አጻጻፍ ይከተላሉ። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ የፒያሳ ብዙ አሮጌ ሱቆች ሲፈርሱ እነዚያ በእጅ የተጻፉ ማስታወቂያዎችም አብረው ሄደዋል። ካናቴራ ላይ መቆየታቸው ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

የፊደል ግድፈትም አለ። ‹‹ዓድዋ›› ሲባል ‹‹ዓ››ው በአንዱ ዲዛይን አለ፣ በሌላው የለም፤ አንዳንዴ በአንድ ልብስ ደረትና ጀርባ ላይ ሳይቀር ይለያያል። ከመታተሙ በፊት አንድ ሰው ቢያነበው ይህ አይመጣም።

ከፊደል ቀጥሎ ጥለት ነው። የሀበሻ ልብስ ጥለት ሁዲ ኪስ ላይ ወይም እጅጌ ላይ መስፋት ተለምዷል። ፎቶ ላይ ያምራል። ነገር ግን የሁዲ ጨርቅ ይሳባል፣ በሸማኔ የተሠራ ጥለት አይሳብም። ሲታጠብ አንዱ ይሰበሰባል፣ ሌላው ይቀራል። ስፌቱ ተሸብሽቦ ይቀራል። ደማቁ ክር ቀለሙን ነጩ ላይ ይለቃል። መፍትሔው የታወቀ ነው፤ ጥለቱንም ሁዲውንም ከመሰፋታቸው በፊት አጥቦ ማድረቅ። ይህን የሚያደርጉ ብራንዶች ልብሳቸው ይለያል።

እንዴት ይገመገም

አንድ ልብስ ላይ ለመናገር ቢያንስ አንድ ወር መልበስ ያስፈልጋል። ከመጀመሪያው እጥበት በፊት ቁመቱንና የደረቱን ስፋት በሜትር መለካት፣ ከታጠበ በኋላ ደግሞ መለካት። ጥጥ ጥቂት መሰብሰቡ ያለ ነው፤ ከ70 ሳንቲ ሜትር ቁመት ላይ አራት አምስት ሳንቲ ከቀነሰ ግን ጨርቁ አስቀድሞ አልታጠበም ማለት ነው። እኛ አገር ብዙ ሰው የሚያጥበው በእጅ፣ በሳፋ፣ በኦሞ ነው። ስለዚህ ማሽን ለስላሳ ዑደት ላይ የቆየ ሕትመት ለእኛ ብዙ አይነግረንም። እየተፋተገ ሲታጠብ ነው የሚታየው። ገልብጦ ማጠብ፣ ገልብጦ ማስጣት፣ ካውያም ከውስጥ በኩል ማድረግ የሕትመቱን ዕድሜ ያረዝማል። በረኪና ሊነካው አይገባም።

ቀጥሎ ልብሱን ገልብጦ ማየት ነው። የአንገቱ ጀርባ ስፌት በጨርቅ ጥብጣብ ተሸፍኗል? የእጅጌው ጫፍ በድርብ መርፌ ተሰፍቷል? የኪሱ ሁለት ጥግ ተደጋግሞ ተሰፍቷል? የሁዲው ኮፍያ ድርብ ነው ወይስ ነጠላ? ነጠላ ኮፍያ ከጭንቅላት ሲወርድ እንደ ጨርቅ ቁራጭ ይንጠለጠላል፣ አንገት አያሞቅም። ካናቴራ ላይ ደግሞ የጎኑን ስፌት ልብ ማለት ነው። ከታጠበ በኋላ ስፌቱ ወደ ሆድ ከዞረ ወይ ጨርቁ ራሱ ጠማማ ነበር፣ ወይ ሲቆረጥ ጠሟል።

ልብሱን በነጻ የተቀበለ ሰው ያንን መናገር አለበት። ትንሽ ብራንድ ስለሆነ ይታለፍ የሚል ደግነትም ማንንም አይጠቅምም። አሳታሚው ሙቀት እንዳነሰው ካልተነገረው በሚቀጥለው ደርዘን ላይም ያንኑ ይደግማል።

የመጨረሻው ጉዳይ ኩረጃ ነው። ጥሩ ዲዛይን በወጣ በሳምንቱ በርካሽ ተመስሎ መርካቶ ይገኛል። ሥዕሉ በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ይጠበቃል፤ ጥበቃው ሠዓሊው በሕይወት እያለና ካረፈ በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል። የብራንዱ ስምና ምልክት ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት በአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ይመዘገባል፣ ምዝገባው ለ7 ዓመት ያገለግላል፣ ከዚያ ይታደሳል። ሕጉ በሁለቱም በኩል ይሠራል። የሌላ ሰው ፎቶ ከኢንተርኔት አውርዶ የሚያትም ብራንድም በዚሁ ሕግ ይጠየቃል። ልብስ የሚገመግም ሰው ‹‹ሥዕሉን ማን ሣለው?›› ብሎ ሻጩን ቢጠይቅ መልሱ ብዙ ነገር ይነግረዋል።