የደቡብ ቲሮል የተራራ ሐይቆች

ደቡብ ቲሮል በሰሜን ጣሊያን፣ ከኦስትሪያ ድንበር ጋር የሚዋሰን የአልፕስ ተራሮች አገር ነው። ዋና ከተማው ቦልዛኖ ነው። እስከ አንደኛው የዓለም ጦርነት ድረስ የኦስትሪያ-ሃንጋሪ ግዛት ነበር፤ ከጦርነቱ በኋላ ወደ ጣሊያን ዞረ። ዛሬም አብዛኛው ነዋሪ ጀርመንኛ ነው የሚናገረው። ጣሊያንኛ ተናጋሪውም ብዙ ነው። በአንዳንድ ሸለቆዎች ደግሞ ላዲን የሚባል የቆየ ቋንቋ አለ። ስለዚህ አንዱ ሐይቅ ሁለት፣ አንዳንዴም ሦስት ስም አለው። የመንገድ ምልክት ላይ ሁለት ስም ብታዩ ግራ አይግባችሁ፤ ቦታው አንድ ነው።

አልፕስ ሲባል ብዙዎቻችን ትንፋሽ የሚያሳጥር ከፍታ ይመስለናል። ዝነኛው የብራይዬስ ሐይቅ ግን ያለው 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ጣና እንኳ ይበልጠዋል፤ 1,800 ሜትር ገደማ ነውና። አዲስ አበባ ላደገ ሰው ከፍታው ምንም አይደለም። የሚከብደው ብርዱ ነው። ውሃው ዲሴምበር አካባቢ ይረጋና እስከ ኤፕሪል ድረስ በረዶ ሆኖ ይቆያል። በረዶው ጠንካራ ይመስላል እንጂ ሁሉም ጋ እኩል አይወፍርም። ተሰብሮባቸው ውሃ ውስጥ የገቡ ሰዎች አሉ፤ እባካችሁ ለፎቶ ብላችሁ አትውጡበት።

ብራይዬስ፣ በጀርመንኛ ፕራግሰር ቪልድዜ፣ የተፈጠረው በናዳ ነው። ከጎኑ ካለው ተራራ የወረደ ድንጋይና አፈር የወንዙን መንገድ ዘጋው፤ ውሃውም እዚያው ተጠራቅሞ ሐይቅ ሆነ። ጥልቀቱ እስከ 36 ሜትር ይደርሳል። ከደቡብ በኩል 2,810 ሜትር ከፍታ ያለው ክሮዳ ዴል ቤኮ ቀጥ ብሎ እንደ ግድግዳ ቆሟል። ላዲኖች ይህን ተራራ የበር ተራራ ይሉታል። በተረታቸው የፋኔስ መንግሥት መግቢያ እዚህ ነው፤ ሙሉ ጨረቃ ስትወጣ ንግሥቲቱ በጀልባ ከተራራው ሥር ትወጣለች። በዙሪያው ያሉት የዶሎሚቲ ተራሮች በ2009 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል።

ከውሃው ዳር በእንጨት ምሰሶ ላይ የቆመ የጀልባ ቤት አለ። በእነሱ በጋ የእንጨት ጀልባ ተከራይቶ ራስ እየቀዘፉ መሄድ ይቻላል። እኔን ብትጠይቁኝ ግን በእግር መዞሩ ይሻላል። ዙሪያው አራት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ቀስ ብሎ ለሚሄድ አንድ ሰዓት ተኩል ይበቃል። ብዙ ሰው ጀልባ ቤቱ ጋ ፎቶ ተነስቶ ይመለሳል። ወደ ማዶ የሚሻገረው ጥቂት ነው፤ ጸጥታው ያለው ደግሞ እዚያ ማዶ ነው።

ከጀልባ ቤቱ አጠገብ በ1899 የተሠራ ትልቅ ሆቴል አለ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሊያበቃ ሲል፣ በ1945፣ ናዚዎች ከ130 በላይ ታዋቂ እስረኞችን መያዣ አድርገው ወደዚህ ሸለቆ አመጧቸው። ከመሃላቸው የቀድሞው የፈረንሳይ ጠቅላይ ሚኒስትር ሌዎን ብሉምና የቀድሞው የኦስትሪያ መሪ ኩርት ሹሽኒግ ነበሩ። እስረኞቹ፣ የሚጠብቁን የኤስኤስ (የናዚ ፓርቲ ታጣቂ ኃይል) ወታደሮች ይገድሉናል ብለው ሲሰጉ፣ አንድ የመደበኛው የጀርመን ጦር መኮንን ጣልቃ ገብቶ ከእጃቸው አወጣቸው። ከዚያም ወደዚህ ሆቴል ተወሰዱ። የአሜሪካ ጦር ሜይ 4 ላይ ሲደርስ እዚሁ ሐይቅ ዳር አገኛቸው።

የብራይዬስ ሸለቆ የፑስቴሪያ ሸለቆ ቅርንጫፍ ነው። ይህ ስም ለእኛ እንግዳ አይደለም። በ1935 እና 1936 ኢትዮጵያን ከወረረው ጦር አንዱ ፑስቴሪያ የተባለው የተራራ ክፍለ ጦር ነበር። በማይጨው ጦርነት የንጉሠ ነገሥቱን ሠራዊት ከገጠሙት መሃል ነበረ። በሸለቆው ትልቅ ከተማ በብሩኒኮ በ1938 ለዚህ ክፍለ ጦር ሐውልት ቆመ። በኋላ በፈንጂ ተመትቶ ዛሬ የቀረው የላይኛው አካሉ ነው። ወደ ሐይቁ ስትሄዱ ብሩኒኮ ላይ ባቡሩ ይቆማል፤ ወርዶ ማየት ይገባል እላለሁ።

ስለ ባቡር ካነሳን፣ መኪና ከመከራየት ይልቅ በባቡርና በአውቶቡስ መሄድ ይቀላል። የእነሱ በጋ የኛ ክረምት ነው፤ ጁላይና ኦገስት ላይ ሕዝቡ ይጎርፋል። በነዚህ ወራት ከጠዋቱ 3፡30 እስከ 10 ሰዓት ድረስ ቀድሞ ቦታ ያልያዘ መኪና ወደ ብራይዬስ ሸለቆ አይገባም። ማልዶ መድረስ ወይም የሴፕቴምበርን መጨረሻ መጠበቅ ነው።

ካሬዛ ከቦልዛኖ በአውቶቡስ የሚደረስ ትንሽ ሐይቅ ነው። ከምድር ውስጥ በሚወጣ ምንጭ ይሞላል፤ በረዶው ሲቀልጥ ጢም ይላል፣ መኸር ላይ ይጎድላል። ዙሪያው ታጥሯል፣ መዋኘት ክልክል ነው። ስለ ቀለሙ አንድ ተረት አለ። ጠንቋይ ሐይቁ ውስጥ የምትኖር ውብ ልጅ ወደደ። ሊያባብላት ቀስተ ደመና ዘረጋ፤ ራሱ የጌጥ ነጋዴ መስሎ እንዲቀርብ ተመክሮ ነበር። ልብሱን መቀየር ግን ረሳ። አወቀችውና ወደ ውሃው ጠለቀች። እሱም ተናዶ ቀስተ ደመናውን ቀዳዶ ሐይቁ ውስጥ ጣለው። በኦክቶበር 2018 የመጣው ቫያ የተባለ ማዕበል በዙሪያው የነበረውን ጥድ በብዛት ገነደሰው። የቀድሞ ፎቶ አይታችሁ ከሄዳችሁ ትደነግጣላችሁ።

ከጎረቤት አውራጃ ደግሞ ሶራፒስ አለ። ወተት የተቀላቀለበት ቱርኩዋዝ (ሰማያዊና አረንጓዴ የተዋሃደበት ቀለም) ይመስላል። ምክንያቱ የበረዶ ግግር ነው። ግግሩ እየተንሸራተተ ድንጋዩን እንደ ወፍጮ ይፈጨዋል። የላመው ዱቄት ውሃው ውስጥ ተንሳፍፎ ብርሃኑን ይበትነዋል። መኪና አይደርስም፤ ወደ ሁለት ሰዓት በእግር ነው።

ልቤን የሚነካኝ ግን ከሁሉም ሬዚያ ነው። ከሐይቁ መሃል የደወል ማማ ብቻውን ቆሟል። ማማው የ14ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ቀድሞ እዚህ ሁለት የተፈጥሮ ሐይቆችና ግራውን የተባለ መንደር ነበሩ። መጀመሪያ ውሃውን አምስት ሜትር ከፍ ለማድረግ ነበር የታሰበው። በ1939 ዕቅዱ ወደ 22 ሜትር ተቀየረ። ማስታወቂያው የተለጠፈው በጣሊያንኛ ነው፤ አብዛኛው ገበሬ ግን ጀርመንኛ ነበር የሚያውቀው። ቄሳቸው ሮም ድረስ ሄደው አቤት አሉ፤ አልሆነም። በ1950 ለኤሌክትሪክ ኃይል ተብሎ 163 ቤትና 523 ሄክታር መሬት ውሃ ውስጥ ገባ። ብዙ ቤተሰብ አገሩን ለቆ ተሰደደ። በ2021 ለጥገና ውሃው ሲቀነስ ጭቃው ውስጥ የቤቶች መሠረት፣ የምድር ቤት ግድግዳና ወደ የትም የማይወስዱ ደረጃዎች ታዩ። ጥገናው ሲያልቅ ውሃው ተመልሶ ሸፈናቸው።