ነገረ መለኮት ዕውቀት ነው ወይስ የእምነት ጥብቅና? የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ነገረ መለኮት (ቲኦሎጂ) ያጠና ሰው ብዙ ጊዜ ሁለት ዓይነት ምላሽ ይገጥመዋል። አንዱ «ታዲያ መቼ ነው መስበክ የምትጀምረው?» ይለዋል፤ ሌላው ፈገግ ብሎ «እሱ ደግሞ ትምህርት ነው እንዴ?» ይለዋል። ሁለቱም የዘርፉን የውስጥ ሥራ ካለማወቅ የመጡ ናቸው።

«የሌለን ነገር ማጥናት ነው»

ፈጣሪ መኖሩ ካልተረጋገጠ ስለ እርሱ የሚጠና ምን አለ ነው ነገሩ። የእንግሊዝ ተወላጁ ጸሐፊ ቶማስ ፔይን በ18ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ይህንኑ በሰላ ብዕር ጽፎታል፤ ከዚያ ወዲህ ብዙ የተጨመረበት አይመስለኝም። ነገር ግን ተማሪው ቀኑን ሙሉ የሚያገላብጠው ምን እንደሆነ እንይ። የዕብራይስጥና የግሪክ ሰዋስው፣ የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ውሳኔዎች፣ እርስ በርስ የማይስማሙ የብራና ቅጂዎች ናቸው። ለምሳሌ የማርቆስ ወንጌል የመጨረሻዎቹ 12 ቁጥሮች (16፥9–20) የሲናና የቫቲካን ኮዴክስ በሚባሉት የ4ኛው መቶ ዘመን የግሪክ ቅጂዎች ውስጥ የሉም። ለምን እንደሌሉ የሚመረምር ሰው አማኝ ሆነም አልሆነም የሚያየው ብራና አንድ ነው።

ይህ መልስ ግን ግማሽ ብቻ ነው። ብራና መመርመር በቋንቋ ትምህርት ክፍልም ይቻላልና። ዋናው ጥያቄ ስለ ፈጣሪ ራሱ የሚነገረው ነገር ዕውቀት ይባላል ወይ የሚለው ነው።

«መልሱ አስቀድሞ ስለታወቀ እውነተኛ ክርክር የለም»

አንሰልም የተባለው መነኩሴ እ.ኤ.አ. በ1077 እና በ1078 አካባቢ ዝነኛ የሆነ መከራከሪያ ጻፈ። ፈጣሪ ማለት ከእርሱ የሚበልጥ ሊታሰብ የማይችል ነው፤ እንዲህ ያለው ደግሞ በሐሳብ ብቻ የሚኖር ከሆነ በእውን ያለ ይበልጠው ነበር፤ ስለዚህ በእውን አለ። ይህን የተቃወመው ከሓዲ አልነበረም፤ ጋውኒሎ የሚባል ሌላ መነኩሴ ነው። በዚህ አካሄድ፣ አለ ጋውኒሎ፣ ከደሴቶች ሁሉ የምትበልጥ ደሴት ማሰብ ስለምችል ደሴቲቱም በእውን አለች ልትሉኝ ነው። አንሰልም መልስ ጻፈለት። ከዚያም የጋውኒሎ ተቃውሞና የራሱ መልስ ከመጽሐፉ ጋር አብረው እንዲገለበጡ አዘዘ።

ሁለቱም በአንድ አምላክ ያምናሉ። መደምደሚያው ላይ ጠብ የላቸውም፤ የተጣሉት ማስረጃው ይቆማል አይቆምም በሚለው ላይ ነው። በ13ኛው መቶ ዘመን የነገረ መለኮት ሊቁ ቶማስ አኩዊናስም መጥቶ ያንኑ መከራከሪያ አልቀበልም አለ፤ ፈጣሪ መኖሩን ግን በሌላ መንገድ ለማሳየት ሞከረ። እኔ አንድን ዘርፍ ዕውቀት ነው የምለው እዚህ ላይ ነው፦ የምትወደውን መደምደሚያ የሚደግፍ ደካማ ማስረጃ ሲመጣ «ይሁን፣ ለእኛ ይጠቅማል» ብለህ ካልተቀበልከው። ጠበቃ እንዲህ አያደርግም፤ ለደንበኛው የሚጠቅመውን ሁሉ ያቀርባል።

የአኩዊናስ አጻጻፍም ልብ ይባል። እያንዳንዱን ጥያቄ የሚከፍተው በተቃዋሚዎች ሐሳብ ነው። ፈጣሪ አለ ወይ የሚለው ጥያቄ የሚጀምረው በዓለም ክፋት መኖሩን በማንሳት ነው፤ ያውም ሳያለዝበው።

«ሳይንስ አይደለም፤ ስለዚህ ዕውቀት አይደለም»

ሒሳብም ሕግም ታሪክም በቤተ ሙከራ አይሠሩም። ይህን ሁሉም ያውቃል፤ ጥያቄው ነገረ መለኮት ከነሱ ጋር ይሰለፋል ወይ ነው። አኩዊናስ ነገረ መለኮት መነሻውን ከላይ፣ ከፈጣሪ መገለጥ፣ ተቀብሎ ይሠራል፣ የብርሃን ጥናት መነሻውን ከጂኦሜትሪ እንደሚቀበለው ሁሉ ብሏል። ምሳሌው እዚህ ጋ ያነክሳል። የጂኦሜትሪውን መነሻ የፈለገ ሁሉ ሄዶ ሊመረምረው ይችላል፤ መገለጥን ግን የሚቀበለው ያመነ ነው።

በ1931 ሃይንሪሽ ሾልትስ፣ ከነገረ መለኮት ተነሥቶ ወደ ሎጂክ የተሻገረ ሰው፣ አንድ ትምህርት ሳይንስ ለመባል የሚያሟላውን መለኪያ አቀረበ። ዓረፍተ ነገሮቹ እርስ በርስ አይጋጩ፣ ስለ አንድ ነገር ይናገሩ፣ ሌላ ሰው ሊፈትናቸው ይቻል። የፕሮቴስታንት ነገረ መለኮት ሊቁ ካርል ባርት በዓመቱ አልቀበልም አለ፤ ነገረ መለኮት የራሱ ጉዳይ የሚያዘውን መንገድ እንጂ ከውጭ የተሰጠ መለኪያ አይከተልም ብሎ። ባርት ትልቅ ሰው ነው፤ በዚህ ግን አልከተለውም። ከማንም ጋር የጋራ መለኪያ አልቀበልም ካልክ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ መቀመጫ የምትጠይቅበት ምክንያት ይጠፋል። በ1973 ጀርመናዊው የነገረ መለኮት ሊቅ ቮልፍሃርት ፓነንበርግ ሌላ መንገድ ያዘ። ስለ ፈጣሪ የሚነገረው መላ ምት ነው፤ ዓለምንና ታሪክን ምን ያህል እንደሚያብራራ ይፈተን አለ። ፈተናው መጨረሻ የለውም ብለው የሚተቹት አሉ፤ ቢያንስ ግን ፈተናውን አልሸሸም።

«ነገረ መለኮትና የሃይማኖት ጥናት አንድ ናቸው»

አይደሉም። የሃይማኖት ጥናት ሰዎች ምን እንደሚያምኑ ይገልጻል፤ ነገረ መለኮት ያ እምነት እውነት ነው ወይ፣ ከውስጡ ይስማማል ወይ ብሎ ይጠይቃል። ኔዘርላንድስ በ1876 በወጣ ሕግ ሁለቱን ለየቻቸው፦ ታሪክና ቋንቋው በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ቀረ፣ የእምነት ትምህርቱ ለአብያተ ክርስቲያናት ተተወ።

«ትልልቅ ሳይንቲስቶች ካህናት ነበሩ»

ስለዚህ ነገረ መለኮትም ዕውቀት ነው ለማለት የሚቀርብ ነው፤ ይህኛው ስሕተት ከወዳጆች ወገን የሚመጣ ነው። ጆርጅ ለሜትር ቄስ ነበር፤ በ1927 ዩኒቨርስ እንደሚሰፋ አሳይቷል። ግን ያሳየው በፊዚክስ ስሌት ነው። እንዲያውም ጳጳስ ፒዮስ 12ኛ በ1951 ግኝቱን ከፍጥረት ትምህርት ጋር ሲያያይዙት ደስ አላለውም።

«ተቋም ስለሚቆጣጠረው ነፃ አይደለም»

ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው፤ ስሕተትነቱም ግማሽ ነው። በ1979 ቄስና ፕሮፌሰር የነበረው ሃንስ ኩንግ የካቶሊክ ነገረ መለኮት የማስተማር ፈቃዱን በቫቲካን ተነጠቀ። የዳኝነቱ ሥልጣን ከዘርፉ ሰዎች እጅ ሲወጣ ክርክሩ በማስረጃ አይቋጭም፤ ይህን መካድ አያስፈልግም። ዩኒቨርሲቲው ግን ሌላ ወንበር ሰጥቶት ማስተማሩን ቀጠለ።

ዩሊዩስ ቬልሃውዘን ማንም ሳያባርረው ነው የሄደው። የኦሪት መጻሕፍት በተለያየ ዘመን ከተጻፉ ምንጮች የተቀናበሩ ናቸው የሚለውን ሐሳብ አጠናክሮ ያቀረበ ሰው ነው። በ1882 በጀርመን ግራይፍስቫልድ ዩኒቨርሲቲ የነገረ መለኮት ፕሮፌሰርነቱን በፈቃዱ ለቀቀ። ተማሪዎቼ ለቤተ ክርስቲያን አገልግሎት መዘጋጀት አለባቸው፣ የእኔ ትምህርት ግን ለዚያ ብቁ አያደርጋቸውም የሚል ነበር ምክንያቱ። ወደ ሃለ ዩኒቨርሲቲ ሄዶ የሴም ቋንቋዎችን ማስተማር ጀመረ። ትቷቸው በሄዳቸው የነገረ መለኮት ፋኩልቲዎች ውስጥ ዛሬ ስሙን ሳይሰማ፣ ሐሳቡን ለመደገፍ ወይም ለማፍረስ ሳይሞክር የሚመረቅ የብሉይ ኪዳን ተማሪ ማግኘት ይቸግራል።