ጎመንዘር ዘይትና ጤና፦ ከምጣድ ማሰሻ እስከ ካኖላ

እንጀራ ሲጋገር እያየ ያደገ ሰው ጎመንዘርን መጀመሪያ የሚያውቀው በአፍንጫው ነው። ምጣዱ ሲግል የተፈጨ ጎመንዘር ጣል ይደረግበታል፣ በጨርቅ ማሰሻ ይታሻል፣ ጭሱ ቤቱን ይሞላዋል። እንጀራውም ሳይጣበቅ ይነሳል። በዚህ መንገድ ሆድ የሚገባው ዘይት ከቁጥር አይገባም። ጉዳዩ የሚለወጠው ዘሩ ተጨምቆ ወጥ ሲሠራበት ነው።

የእኛው ጎመንዘር ሳይንሳዊ ስሙ ብራሲካ ካሪናታ ነው። ቅጠሉን የሀበሻ ጎመን ብለን እንበላዋለን። አውሮፓና ካናዳ በስፋት የሚያመርቱት ደግሞ ብራሲካ ናፐስ የተባለ የቅርብ ዘመዱን ነው። ድሮ የሁለቱም ዘይት አንድ ጠባይ ነበረው፤ ኢሩሲክ አሲድ የሚባል የቅባት ዓይነት በብዛት ይይዛል። በአገራችን ነባር ዘር ውስጥ ከዘይቱ 40 በመቶ ገደማ እሱ ነው።

የኢሩሲክ አሲድ ስም የጠፋው በአይጥ ነው። ይህን ዘይት በብዛት የተመገቡ አይጦች የልባቸው ጡንቻ ውስጥ ስብ ተጠራቀመ። ነገሩ በ1970ዎቹ (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ብዙ አነጋገረ። የአይጥ ልብ ይህን አሲድ ማቃጠል ላይ በተለይ ደካማ መሆኑ ታወቀ፤ በሰው ላይም ተመሳሳይ የልብ ጉዳት አልተረጋገጠም። ሆኖም ተቆጣጣሪዎች ጥንቃቄውን መረጡ። የአውሮፓ የምግብ ደህንነት ባለሥልጣን በ2016 ያስቀመጠው የቀን ገደብ ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት 7 ሚሊግራም ነው። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 420 ሚሊግራም ይሆናል። እስቲ እናስላው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 14 ግራም ያህል ነው። ነባሩ የጎመንዘር ዘይት ከሆነ 5,600 ሚሊግራም ኢሩሲክ አሲድ አለበት፤ ከገደቡ 13 እጥፍ። ለሕፃናት ደግሞ ጥንቃቄው ይብሳል።

ካናዳዎች መፍትሔውን ያገኙት እርሻ ላይ ነው። ባልዱር ስቴፋንሰንና ኪት ዳውኒ ዘሮችን እየመረጡና እያዳቀሉ ኢሩሲክ አሲዱን ቀነሱት። በ1974 ታወር የተባለው ዝርያ ወጣ፤ እንዲህ ያለው ዘር ካኖላ የሚለውን ስም ያገኘው ከጥቂት ዓመት በኋላ ነው። ካኖላ ለመባል ኢሩሲክ አሲዱ ከ2 በመቶ ማነስ አለበት። በዚያው ማንኪያ ቢሰላ ቢበዛ 280 ሚሊግራም ነው። ካኖላ በዘረመል ምሕንድስና ተፈጠረ የሚባለው ወሬ ቅደም ተከተሉን ያምታታል። በዘረመል ምሕንድስና የተሻሻሉት ዝርያዎች የመጡት በ1990ዎቹ አጋማሽ፣ የአረም መድኃኒት እንዲቋቋሙ ተብለው ነው።

ይህ አዲሱ ዘይት ለልብ ጥሩ ከሚባሉት ነው። የሚረጋው ቅባት 7 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ ፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ እንዲህ ያለ ቅባት ነው። ከ9 እስከ 11 በመቶው ኦሜጋ 3 ነው፤ ይህ በሱፍና በኑግ ዘይት ውስጥ እምብዛም አይገኝም። በቅቤ ወይም በፓልም ፋንታ ሲበላ መጥፎውን ኮሌስትሮል ይቀንሳል። ልብ በሉ፣ በፋንታው ነው። በቅቤው ላይ ተደርቦ ከፈሰሰማ ትርፉ ውፍረት ነው፤ አንዱ ማንኪያ 120 ካሎሪ ገደማ አለው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደርም በ2006 በቀን 19 ግራም ካኖላ የልብ ሕመም ስጋትን ሊቀንስ ይችላል ተብሎ ማሸጊያ ላይ እንዲጻፍ ሲፈቅድ ይህንኑ ቅድመ ሁኔታ አስቀምጧል።

የጎመንዘር ዘይት ሲነሳ በ1981 በስፔን የደረሰው እልቂትም አብሮ ይነሳል። 20,000 ገደማ ሰው ታመመ፣ ከ300 በላይ ሞተ። ያ ግን ለፋብሪካ ሥራ ተብሎ አኒሊን የተባለ ኬሚካል የተጨመረበት ዘይት ነበር፤ ነጋዴዎች የወይራ ነው ብለው ሸጡት። የዘሩ ጥፋት አልነበረም።

ግሉኮሲኖሌት የተባሉትና እንቅርት ያባብሳሉ የሚባሉት ንጥረ ነገሮችም አሳሳቢነታቸው ይበልጡን ለከብት ነው። ዘሩ ሲጨመቅ በአብዛኛው ፋጉሎው ውስጥ ይቀራሉ።

ውጭ አገር ያለ ሰው ከሱቅ የሚያነሳው የካኖላ ጀሪካን እንግዲህ ኢሩሲክ አሲዱ የተቀነሰለት ነው። አገር ቤት መጭመቂያ ቤት በር ላይ በሃይላንድ ጠርሙስ የሚሸጠው የጎመንዘር ዘይት ግን ጽሑፍ የለውም። ነባሩ ዘር ከሆነ ካኖላ ብሎ መቁጠር አይቻልም። ለምጣዱ ግን አሁንም የሚያህለው የለም።