«ንግድ በደማቸው ነው» አትበሉኝ

ባለፈው ሳምንት ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በሚኒባስ ስመጣ ከኋላዬ ሁለት ሰዎች ስለ አንድ ባለሱቅ ያወራሉ። «ምን ይገርምሃል፣ ጉራጌ አይደል? ንግድ በደሙ ነው» አለ አንደኛው። ጊዮርጊስ ጋ ስወርድ ዞር ብዬ ልመልስለት አልኩና ተውኩት። ሃያ ዓመት ታሪክ ሳስተምር ይቺን አባባል ሳልሰማ ያለፈ ዓመት የለም። ለሰውዬው ያልነገርኩትን ለእናንተ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ትንንሾቹን አባባሎች ልጨርስ።

«መርካቶን የቆረቆረው ጉራጌ ነው» ይባላል። አይደለም። የከተማዋ ትልቁ ገበያ እዚሁ አራዳ፣ ጊዮርጊስ አጠገብ ነበር። ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባን ሲይዝ ነጭና ጥቁር ተለያይቶ እንዲኖር አቀደ። ፒያሳን ለራሱ አስቀርቶ የአገሬውን ገበያ ወደ ምዕራብ ገፋው። ስሙ ራሱ ጣሊያንኛ ነው።

«ዶርዜ ማለት ሸማኔ ማለት ነው።» ዶርዜ ጨንቻ አካባቢ የሚኖር አንድ የጋሞ ማኅበረሰብ ነው። ከሌላው የጋሞ ደጋ የመጣውንም ሸማኔ ሁሉ ከተሜው በዚሁ ስም ጠራው፣ በቃ።

«በነገሥታቱ ጊዜ የተሸነፈ አገር ልጅ ቀና አይልም ነበር።» ቀና ያሉ ነበሩ፣ መሰላሉ ግን ጦርና ግቢ ነበር። ደጃዝማች ባልቻ ሳፎ የጉራጌ ልጅ ናቸው። በልጅነታቸው በዘመቻ ተማርከው ምኒልክ ግቢ አደጉ። ዓድዋ ላይ በመድፍ ተዋጉ፣ በኋላ ሲዳሞንም ሐረርንም ገዙ። ነጋዴማ «መጫኛ ነካሽ» እየተባለ ይሰደብ ነበር። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ ይቅር ብለው አዋጅ እስከማስነገር ደርሰዋል። (ቀረ ወይ? እሱን እናንተ ታውቃላችሁ።)

አሁን ወደ ደሙ ጉዳይ።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር የጉራጌ ጎረቤት የሆነው የቀቤና ሕዝብ መሪ ሐሰን እንጃሞ ከሰባት ቤት ጉራጌ ተዋጊዎች ጋር ሆኖ የምኒልክን ጦር ገና እየመከተ ነበር። ከሽንፈቱ በኋላ ገባርነት መጣ። ገበሬው ለተሾመበት ሰው ይገብራል፣ በጉልበቱም ያገለግላል። ግብር በብር ሲጠየቅ ግን ብሩ ከየት ይምጣ? መሬቱ ጠባብ ነው፣ ሕዝቡ ብዙ ነው፣ ጓሮው እንሰት ነው። ብር ያለው አዲስ አበባ ነው። ወንዱ በእግሩ መጣ።

መጥቶስ ነገደ? የለም። ጉድጓድ ቆፈረ፣ ድንጋይ ተሸከመ፣ እንጨት ፈለጠ። በ1909 ዓ.ም. ባቡሩ አዲስ አበባ ሲገባ ለገሃር ላይ ዕቃ አወረደ። ያኔ ትልልቁ ንግድ በዐረብ፣ በሕንድ፣ በአርመንና በግሪክ እጅ ነበር። የዚያን ጊዜ ታዲያ ደሙ የት ነበር?

እንሰቱን ዝም ብዬ አላነሳሁትም። በጤፍ አገር ወንዱ በእርሻ ወራት ከጠፋ ቤቱ ይራባል። እንሰት ግን ለዓመታት ጓሮ ቆሞ ይጠብቃል፣ ቆጮው ጉድጓድ ውስጥ ይቆያል። መፋቁንም ሆነ ማዘጋጀቱን የሚሠሩት ሴቶቹ ናቸው። ባል አዲስ አበባ ከርሞ ለመስቀል ሲመለስ ቤቱ ሳይዘጋ የሚያገኘው በእነሱ ጉልበት ነው። መርካቶ ውስጥ ስንት ሱቅ በዚህ ጉልበት ተከፈተ! ስለ እነዚህ ሴቶች ደም ሲወራ ግን ሰምቼ አላውቅም።

አባቴ ከጉራጌ አገር፣ ከእዣ ሲመጣ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበር፣ ከታላቅ ወንድሙ ጋር። ሁለቱም ኩሊ ሆኑ። ሁለት ዓመት እንደተሸከሙ አንድ የአገራቸው ሰው አባቴን የመናዊ ሱቅ አስቀጠረው። ቀን ስኳር ይመዝናል፣ ማታ ባንኮኒው ላይ ይተኛል። ሒሳቡን፣ ዱቤውን፣ ማን ከፋይ ማን ካጂ እንደሆነ የተማረው እዚያ ነው። የመናዊው ጠቅልሎ አገሩ ሊገባ ሲል የቀረውን ዕቃ በዱቤ ለቀቀለት። አጎቴ ግን ወገቡ እምቢ እስኪል ተሸክሞ ኖረ። አንዲት ክብሪት እንኳ ነግዶ አያውቅም። አንድ እናት፣ አንድ አባት ናቸው። እሱ ደም አልነበረውም?

ይሄን ስናገር ተማሪዎቼ «ግን ቲቸር፣ እነሱ ይረዳዳሉ» ይሉኛል። እዚህ ላይ እንስማማለን። ባንክ የሚያበድረው ማስያዣ ላለው ነው፣ ኩሊ ደግሞ ከትከሻው ሌላ ማስያዣ የለውም። ስለዚህ ዕቁብ ጣለ፣ በአገሩ ልጅ ዋስትና ዕቃ ወሰደ። በ1950ዎቹ ከዓለምገና ወላይታ ሶዶ የሚያደርሰውን መንገድ ለማሠራት ጉራጌዎች ማኅበር አቋቁመው ገንዘብ ያዋጡትም በዚሁ ልምድ ነው። ይሄ ሁሉ ሲያዩት የሚለመድ ነገር ነው። ልትነግዱ ካሰባችሁ ሱቅ ከመክፈታችሁ በፊት ሰው ሱቅ ተቀጠሩ። ዱቤ በደብተር ያዙ፣ ለዘመድም ቢሆን። ዕቁብ ሲወጣላችሁ ስልክ አትቀይሩበት። የማታውቁትን ሰው ዋስ አትሁኑ፣ የምታውቁትንም ደግማችሁ አስቡበት። ሌላም አለኝ፣ ግን ከርዕሴ ወጣሁ።

ቤታችሁ ከገጠር የመጣ ሽማግሌ ካለ «እንዴት ሀብታም ሆንክ?» ብላችሁ አትጠይቁት። ተረት ነው የሚነግራችሁ። «የመጀመሪያዋን ሌሊት የት አደርክ? ሱቅ ያስገባህ ማነው?» በሉት።

እኔ የጠየቅሁት ዘግይቼ ነው። ልጅ ሳለሁ አጎቴ ጆንያ ተሸክሞ በሱቃችን በር ሲያልፍ አባቴ የያዘውን ጥሎ ብድግ ይል ነበር። ታላቁ ስለሆነ ይመስለኝ ነበር። አጎቴ ካረፈ በኋላ ነው የነገረኝ። «የመናዊው የፈለገው አንድ ልጅ ነበር» አለኝ። «ሁለታችንም በሩ ላይ ቆመናል። ወንድሜ ከኋላዬ ገፋ አደረገኝ።»