ካምደን፣ ኒው ጀርሲ፦ ወንጀልና ደኅንነት በአንዲት ትንሽ የአሜሪካ ከተማ

ካምደን በኒው ጀርሲ ግዛት፣ በዴላዌር ወንዝ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ ከፊላደልፊያ ፊት ለፊት የምትገኝ ከተማ ናት። በ2020 የሕዝብ ቆጠራ 71,791 ነዋሪዎች ተመዝግበውባታል (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ከነዋሪዎቿ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የላቲን አሜሪካ ዝርያ ያላቸው፣ በተለይም የፖርቶ ሪኮና የዶሚኒካን ተወላጆች ናቸው፤ ከቀሪዎቹ አብዛኞቹ ጥቁር አሜሪካውያን ናቸው። ስሟ በመላ ሀገሪቱ የታወቀው ግን በወንጀል ነው። ከ2000 በኋላ በነበሩት ዓመታት የአሜሪካን ከተሞች በአደገኛነት ደረጃ በሚያወጡ ዝርዝሮች ራስጌ ላይ ተደጋግማ ተቀምጣለች። ያ ስም ዛሬ ከተማዋን አይገልጻትም። ስለ ለውጧ በየመድረኩ የሚነገረው ታሪክም ቢሆን ብዙ ነገር ይጎድለዋል።

በ1950 ካምደን 124,555 ነዋሪዎች ነበሯት። የኒው ዮርክ መርከብ ግንባታ ኩባንያ ትልቁን የመርከብ መሥሪያ ያቆመው በዚህች ከተማ ነበር፤ የካምቤል ሾርባ እዚሁ ተወልዶ ዋና መሥሪያ ቤቱን እስከ ዛሬ እዚሁ አድርጓል፤ የአርሲኤ ቪክተር የሙዚቃ ሸክላና የሬዲዮ ፋብሪካዎችም በሺህ የሚቆጠር ሠራተኛ ያስተዳድሩ ነበር። የመርከብ መሥሪያው በ1967 ተዘጋ፤ ሌሎቹ ፋብሪካዎችም ተራ በተራ ሥራቸውን ቀነሱ። በ1971 አንድ የፖርቶ ሪኮ ተወላጅ በፖሊሶች በመደብደቡ (በኋላም በመሞቱ) ከተማዋ ለቀናት በረብሻና በእሳት ታመሰች። አቅም ያለው ወደ አካባቢው አዳዲስ መንደሮች ወጣ፤ የቀረው ሥራ አጥነትና ባለቤት አልባ ቤት ወረሰ። አውራ ጎዳናውና ድልድዩ ደግሞ ለአደንዛዥ ዕፅ ንግድ ተመቹ። ገዢው ከበለጸጉት መንደሮች በመኪና መጥቶ በደቂቃዎች ውስጥ ገዝቶ ይመለሳል፤ ተኩሱና የልጆቹ መታሰር ግን ለካምደን ሰፈሮች ይቀራል። ከ1981 እስከ 2000 ባሉት ዓመታት ከከተማዋ ከንቲባዎች ሦስቱ በሙስናና በተያያዘ ወንጀል ጥፋተኛ ሆነዋል። በ2002 የግዛቱ መንግሥት የከተማዋን አስተዳደር በራሱ ቁጥጥር ሥር አደረገ።

ይህ ሁሉ ሳይታወቅ የ2012ን የግድያ ቁጥር ማንበብ ከንቱ ነው። በጥር 2011 ማዘጋጃ ቤቱ በበጀት እጥረት 168 ፖሊሶችን አሰናበተ፤ ይህም ከጠቅላላው ኃይል ግማሽ ያህሉ ነበር። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ አምስት የከተማዋ ፖሊሶች በንጹሓን ላይ የሐሰት ማስረጃ በማስቀመጥና ዕፅ አግኝተናል በማለት ተከሰው ነበር። በዚሁ ምክንያት ወደ 200 የሚጠጉ ክሶችና ፍርዶች ተሰረዙ፤ በ2013 ከተማዋ ለ88 ሰዎች 3.5 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ለመክፈል ተስማማች። ነዋሪው ወንጀለኛውንም ፖሊሱንም የሚፈራበት ጊዜ ነበር። እንዲህ ባለበት ከተማ የግድያ ምስክር ማግኘት እንዴት ይቻላል? በ2012 ውስጥ 67 ሰዎች ተገደሉ። ይህ በወቅቱ ከነበሩት 77,000 ገደማ ነዋሪዎች አንጻር ሲሰላ ለእያንዳንዱ 100,000 ሰው 87 ግድያ ማለት ነው። የሀገሪቱ አማካይ በዚያ ዓመት 4.7 ነበር።

በግንቦት 2013 የከተማዋ ፖሊስ ፈርሶ በካምደን ካውንቲ ፖሊስ ተተካ (ካውንቲ በግዛት ሥር ያለ፣ ብዙ ከተሞችን የሚያቅፍ የአስተዳደር ክፍል ነው)። ከቀድሞዎቹ ፖሊሶች የተወሰኑት እንደ አዲስ አመልክተው ተቀጠሩ። የቀድሞው የሠራተኛ ማኅበር የኅብረት ስምምነት ሲፈርስ የአንድ ፖሊስ ወጪ በእጅጉ ቀነሰ፤ በተረፈው ገንዘብ ብዙ ፖሊስ መቅጠር ተቻለ። አዲሱ ኃይል ወደ 400 ፖሊሶች ደረሰ። በ2020 የፖሊስን ጭካኔ በመቃወም በመላ አሜሪካ ሰልፍ በተደረገበት ወቅት ካምደን «ፖሊሱን አፍርሳ ሰላም ያገኘች ከተማ» ተብላ ስትጠቀስ ይህ እውነታ ተዘንግቷል። ከተማዋ ያፈረሰችው ተቋሙን ነው፤ በየመንገዱ የሚታየው ፖሊስ በቁጥር ጨምሯል። ካሜራዎችና የተኩስ ድምፅ የሚለዩ መሣሪያዎችም ከፖሊሱ ጋር አብረው በዝተዋል።

የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ለነዋሪው ቀላል አልነበሩም። በብስክሌት መብራት፣ በመኪና ጥቁር መስታወትና በመሳሰሉ ጥቃቅን ጉዳዮች የሚጻፈው ክስ በዝቶ ነበር፤ ከመጠን በላይ ኃይል ተጠቀሙብን የሚለው አቤቱታም ጨምሮ ነበር። በወቅቱ የፖሊስ አዛዥ የነበሩት ስኮት ቶምሰን አካሄዱን ቀየሩ። ፖሊሶች ከመኪና ወርደው በእግር እንዲዘዋወሩ፣ የነዋሪዎችን በር አንኳኩተው እንዲተዋወቁ፣ ቢላዋ የያዘና አእምሮው የታወከ ሰው ሲያጋጥማቸው ርቀት ጠብቀው ጊዜ እንዲገዙ ሥልጠና ተሰጣቸው። በ2019 የወጣው የኃይል አጠቃቀም ደንብ የገዳይ ኃይል አጠቃቀምን የመጨረሻ አማራጭ ያደርጋል፤ ባልደረባው ከሚገባው በላይ ኃይል ሲጠቀም ያየ ፖሊስም ጣልቃ የመግባት ግዴታ አለበት። በኃይል አጠቃቀም ላይ የሚቀርበው አቤቱታ ከ2014 ወዲህ እጅግ ቀንሷል። በእኔ ግምት ከመዋቅር ለውጡ ይልቅ ለውጥ ያመጣው ይህ ነው።

ሌላም ሳይነገር የሚታለፍ ምክንያት አለ። ፖሊሶቹ በጥይት የተመታ ሰው ሲያገኙ አምቡላንስ ሳይጠብቁ በራሳቸው መኪና ጭነው ኩፐር ሆስፒታል ያደርሱታል። ሆስፒታሉ መሀል ከተማ ላይ ነው፤ ከባድ ጉዳት የሚያክም ክፍልም አለው። በዚህ መንገድ የተረፈው ሰው በግድያ መዝገብ ውስጥ አይገባም። ስለዚህ የግድያ ቁጥር መውረድ የተኩስን መቀነስ ብቻ ሳይሆን የሐኪሞችንም እጅ ያሳያል።

ቁጥሩ መውረዱ ራሱ አያከራክርም። በ2013 የተገደሉት 57 ነበሩ፤ በ2014 ወደ 33 ወረዱ፤ በ2016 እንደገና ወደ 44 ከፍ ብለው በ2017 23 ሆኑ። በ2020 ግድያ በመላ ሀገሪቱ 30 በመቶ ገደማ ሲያሻቅብ ካምደን ከዚያ ጎርፍ ተርፋለች። በ2024 ደግሞ 17 ሰዎች ተገድለዋል። ይህ በ100,000 ሰው 24 ገደማ ነው፤ አሁንም ከሀገሪቱ አማካይ ወደ አምስት እጥፍ ይጠጋል። የ17ቱን ቤተሰቦች ሐዘን ማንም በመሻሻል ስም ሊያቃልለው አይገባም።

እንዲህ ባለች ትንሽ ከተማ ስሌቱን በጥንቃቄ ማየት ያስፈልጋል። አንድ ግድያ ሲጨምር የ100,000ው መጠን በ1.4 ያህል ይዘላል፤ በመሆኑም ከዓመት ዓመት የሚታይ ልዩነት ብዙ ጊዜ የአንድ ጠብ ወይም የጥቂት ወጣቶች በቀል ውጤት ነው። መጠኑ የሚሰላው ደግሞ በነዋሪው ብቻ ተካፍሎ ነው። በየቀኑ ለሥራ፣ ወደ ሩትገርስ ዩኒቨርሲቲ ለትምህርት፣ ወደ ወንዙ ዳር የዓሣ ማሳያና ኮንሰርት የሚመጣው ብዙ ሺህ ሰው ከቁጥሩ ውጭ ነው፤ በእሱ ላይ የደረሰው ስርቆትና ዝርፊያ ግን በከተማዋ ስም ይመዘገባል። የፌዴራሉ የምርመራ ቢሮ፣ ኤፍቢአይ፣ ራሱ የሚያትመውን መረጃ ከተሞችን ለማበላለጥ እንዳይጠቀሙበት የሚያሳስበው ለዚህ ነው።

ለሚኖርባትም ሆነ ለሚጎበኛት ሰው ከከተማዋ አማካይ ይልቅ መንገዱና ሰዓቱ ይበልጣል። የወንዙ ዳር፣ የዩኒቨርሲቲውና የሆስፒታሉ አካባቢ ቀን ቀን በሠራተኛና በተማሪ የተሞላ ነው። በምዕራብ ፊላደልፊያ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንን ጨምሮ ብዙ ሰው በቤንጃሚን ፍራንክሊን ድልድይ ወይም በባቡር ተሻግሮ በሰላም ሠርቶ ይመለሳል። የተኩሱ ጉዳት የሚበረታው የፈራረሱ ቤቶችና የዕፅ ንግድ በሚገኙባቸው ጥቂት ሰፈሮች ነው፤ ሟቾቹም በአብዛኛው የከተማዋ ወጣት ወንዶች ናቸው። ስለዚህ አደጋውን ከሁሉ በላይ የተሸከመው ከውጭ ለአንድ ቀን የመጣው እንግዳ ሳይሆን እዚያው ተወልዶ ያደገው ልጅ ነው። ባዶ ቤቶችን ማፍረስ፣ መብራት መትከል፣ መናፈሻ ማደስ እንደ ፖሊስ ሥራ ባይቆጠርም የነዋሪው ደኅንነት ግን በእነዚህም ይለካል። ከሕዝቡ ከሩብ በላይ የሚሆነው አሁንም ከድህነት ወለል በታች ይኖራል።

ከክርክሮቹ ሁሉ ያልተዘጋው የሥልጣን ጉዳይ ነው። የቀድሞው ፖሊስ እንዳይፈርስ የፈለጉ ነዋሪዎች ፊርማ አሰባስበው ጉዳዩ በሕዝብ ድምፅ እንዲወሰን ጠይቀው ነበር። ከንቲባዋ ዳና ሬድ ጥያቄውን በፍርድ ቤት ተቃወሙ፤ ክርክሩ እስከ ግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቢደርስም ሕዝቡ ድምፅ ሳይሰጥበት ቀረ። ዛሬ ፖሊሱ የሚተዳደረው በካውንቲው ነው፤ ከፖሊሶቹም ብዙዎቹ የሚኖሩት ከከተማዋ ውጭ ነው። ተቋሙ ሲመሠረት የአካባቢው ከተሞች ሁሉ በአንድነት የሚገለገሉበት የካውንቲ ፖሊስ ይሆናል ተብሎ ነበር። በካውንቲው ካሉት ከ30 በላይ ማዘጋጃ ቤቶች ግን አብዛኞቹ አልተቀላቀሉም።