የአማርኛ ግጥም ምጣኔ፣ ቤት አመታትና ድግግሞሽ

«ግጥም» የሚለው ቃል ከመግጠም የመጣ ነው። ሐረግ (የመስመር ግማሽ) ከሐረግ፣ ቤት (የመስመር መዝጊያ ድምፅ) ከቤት ሲገጥም ግጥም ይባላል። ትንተናውም የሚነሳው ከዚሁ ነው፦ በየሐረጉ ስንት ቀለም (በአንድ ምት የሚነገር የድምፅ ቁራጭ) አለ፣ ስንኞቹ (መስመሮቹ) በምን ቤት ይመታሉ፣ ምን ተመላልሶ ይመጣል።

ቀለም የሚቆጠረው በጆሮ እንጂ በፊደል አይደለም። ለዚህ ከቡሄ ጭፈራ የተሻለ ማሳያ የለም። «እዚያ ማዶ ጭስ ይጨሳል፣ አጋፋሪ ይደግሳል» ሲባል «ጭስ ይጨሳል» በጽሑፍ 6 ፊደል ነው፤ በአፍ ግን ጭስ፣ ይ፣ ጨ፣ ሳል ተብሎ 4 ቀለም ብቻ ይሆናል። «ይደግሳል»ም 4 ቀለም ነው፤ ግ ስለሚጠብቅ አናባቢው ይሰማል። ማጥበቅና ማላላት ያልለየ ሰው ቆጠራው ይፋለስበታል። በዚህ 4 በ4 ምጣኔ፣ ማለትም በየሐረጉ 4 ቀለም ይዞ የሚሄደው ግጥም የቡሄ በሉ ቤት ይባላል። 5 በ5 የሆነው ሰንጎ መገን ነው። ብዙው ግጥማችን የተገጠመበት የወል ቤት ደግሞ 6 በ6 ነው። ሐረጉን ወደ 8 ቀለም ያስረዘመው በጸጋዬ ገብረ መድኅን (1928–1998 ዓ.ም.) ስም የጸጋዬ ቤት ተብሏል፤ ለባለቅኔው የሚገባ ክብር ነው።

ሳድስን በመቁጠር ረገድ አጥኚዎች ሁሉ አንድ አይደሉም። ገጣሚውና ጸሐፌ ተውኔቱ መንግሥቱ ለማ እ.ኤ.አ. በ1963 በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ስለ አማርኛ ግጥም አሠራር የጻፉት ጽሑፍ ዛሬም መነሻ ነው። «ስንኝ» የሚለውንም አንዳንዱ ለአንድ መስመር፣ ሌላው ለጥንዱ ይጠቀምበታል።

ጥንታዊ የሚባሉት የአማርኛ ግጥሞች ለዐፄ ዓምደ ጽዮን (1314–1344 እ.ኤ.አ.) እና ከእሳቸው በኋላ ለነገሡ የተዘፈኑ የውዳሴ ግጥሞች ናቸው። ቤት የመምታቱ ጥበብ ከግዕዝ ቅኔ ጋር መዛመዱ አያጠራጥርም። በቅኔው «ቤት» መስመሩ ራሱ ነው፤ ሁለት ቤት ካለው ጉባኤ ቃና እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ፣ ቤቶቹ ሁሉ በአንድ ድምፅ ይዘጋሉ። በአማርኛ ግን ሁለት ሁለት እየሆኑ መምታት ይበዛል። ለማሳያ ያህል በወል ቤት እንዲህ ቢገጠም፦

ዝናብ ያባረረው ከዛፍ ስር ይቆማል፣
ሰው ያባረረውስ ከማን ዘንድ ይከርማል?

መጨረሻው ሳድስ «ል» ስለሆነ እሱ ብቻ ቢመሳሰል ቤቱ ይላላ ነበር፤ «ማል» ከ«ማል» ሲገጥም ግን ጠንክሮ ይመታል። «ያባረረው» መደገሙም ለጆሮ ብቻ አይደለም። ያው ቃል ከዝናብ ወደ ሰው ሲዞር ይከብዳል፤ ጥያቄውም የሚወለደው ከዚያ ነው።

ከቃል ድግግሞሽ ሌላ የአዝማች፣ ማለትም ሰው ሁሉ የሚቀበለው የዜማ ክፍል ድግግሞሽ አለ። በሙሾ አልቃሿ ታወጣለች፣ ለቀስተኛው ይቀበላል። በቡሄ ልጆቹ በየሐረጉ ማብቂያ «ሆ!» ይላሉ፤ አራተኛው ቀለም ላይ ሐረጉ መዘጋቱን፣ ያልቆጠረውም ሰው በዚያች «ሆ» ይሰማዋል።