በዝናብ ትንበያ ላይ ያለው «45 በመቶ» ምንድን ነው?

«ከመደበኛ በላይ 45፣ መደበኛ 35፣ ከመደበኛ በታች 20 በመቶ» የሚለውን የክረምት ዝናብ ትንበያ ብዙዎቻችሁ «ዝናቡ በ45 በመቶ ይጨምራል» ብላችሁ ተረድታችሁታል። አይደለም፤ ቁጥሩ ዕድልን እንጂ የዝናብ መጠንን አይለካም።

የአካባቢው የ30 ዓመት ክረምት ከደረቁ ወደ እርጥቡ ተደርድሮ ለሦስት እኩል ይከፈላል፤ አሥር ደረቅ (ከመደበኛ በታች)፣ አሥር መካከለኛ (መደበኛ)፣ አሥር እርጥብ (ከመደበኛ በላይ)። ሌላ ፍንጭ ከሌለ የእያንዳንዱ ዕድል 33 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ 45 ሲባል ዕድሉ ወደ እርጥቡ አጋድሏል ማለት ነው። 20 በመቶውም ቢሆን ከአምስት አንድ ነውና እባካችሁ አትናቁት።

ደግሞ ትንበያው የሚናገረው ስለ ወቅቱ ድምር ነው። ዝናቡ በሐምሌ ዶፍ ወርዶ በጳጉሜን ቢቋረጥ፣ ድምሩ «ከመደበኛ በላይ» ሆኖም ዘግይቶ የተዘራ ጤፍ ፍሬ ሳይቋጥር ሊደርቅ ይችላል። የዝናቡ መግቢያና መውጫ እንደየአካባቢው ስለሚለያይ፣ የመዝሪያ ቀን ስትወስኑ የአሥር ቀኑን ትንበያ ተከታተሉ።